ብሩን ስትሰጡ ውሳኔውንም ስጡ፦ ጎንደር ላይ ከልጆች ጋር የተማርኩት አሠራር

በ2011 ዓ.ም. መስከረም፣ ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን፣ አንድ የአሥራ አራት ዓመት ግድም ልጅ አንድ ደርዘን ደብተር በፌስታል አንጠልጥሎ ፒያሳ አካባቢ ወዳለችው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ ገባ። ሊሸጥልኝ ነው። ደብተሮቹን ገልበጥ ሳደርጋቸው የጀርባ ሽፋናቸው ጥግ ላይ እኔው በሰማያዊ እስክሪብቶ ያደረግኩትን ምልክት አየሁ። ከአራት ቀን በፊት ከዚያው መደርደሪያ አውርጄ፣ ልጆች አሰልፌ፣ በእጄ ያደልኩት ደብተር ነው። ልጁ አላወቀኝም፤ በዕደላው ቀን ከፊቱ ብዙ ሰው ቆሞ ነበርና።

«ለምን ትሸጠዋለህ?» አልኩት።

«ለአልጋ ነው፣ እትዬ።»

አልጋ ይሉታል እንጂ አልጋ የለበትም። ጫማ የሚጠርጉ፣ ሎተሪና ማስቲካ የሚያዞሩ ልጆች በአንድ ክፍል ወለል ላይ ተጠጋግተው የሚያድሩበት፣ በየሌሊቱ የሚከፈልበት ቦታ ነው። የሦስት ሌሊት ዕዳ ነበረበት። በዚያ ምሽት ካልከፈለ ውጭ ያድራል፤ ደብተሩም አብሮት ውጭ ያድራል። ዝናቡም ገና ጨርሶ አልወጣም ነበር። ልጁ አስቦና አስልቶ ነው የመጣው።

ወንድሜና ጓደኞቹ ውጭ አገር ሆነው በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ገንዘብ አዋጥተው ይልኩልኝ ነበር። እኔም ደብተር፣ እስክሪብቶና ቦርሳ እገዛበት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠራን። በስድስቱም ዓመት «ምን ይሻላችኋል?» ብሎ ልጆቹን የጠየቀ ሰው አልነበረም። በዚያ ማታ ለወንድሜ ደወልኩለትና የሆነውን ነገርኩት። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ያለ ቦታ ላይ ላላችሁ ነው፤ ዘመድ ከውጭ አገር ገንዘብ ለሚልክላችሁ፣ በዕድር ወይም በጽዋ ማኅበር ለችግረኛ ልጆች ለምታዋጡ፣ የድሮ ተማሪ ቤታችሁን ለምትረዱ። ትልቅ ድርጅት መሆን አያስፈልግም። የእኛ የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ በአጠቃላይ ስልሳ ሺህ ብር ነበር።

ያደግነው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ሲባል እየሰማን ነው። ይህን ተረት የሚጠቅስ ሰው በየስብሰባው አይጠፋም። እኔ የምመልሰው አንድ ነገር ነው፦ በዚህ ከተማ በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመታቸው ከገጠር መጥተው በሰው ቤት የሚሠሩ ልጃገረዶች በየቀኑ ሊጥ ያቦካሉ፤ መላው ቤተሰብም የሚበላው እነሱ ያቦኩትን ነው።

ልጆቹን ከመጥራታችሁ በፊት

መጀመሪያ ከእጃችሁ ምን እንደምትለቁ ቁርጡን ለዩ። ሮጀር ሃርት የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ በጻፈው ጥናት የልጆችን ተሳትፎ ስምንት ደረጃ ባለው መሰላል መስሎታል። የታችኞቹ ሦስት ደረጃዎች ተሳትፎ አይባሉም ይላል፤ ልጆችን መጠቀሚያ ማድረግ፣ ማስጌጫ ማድረግና ለይስሙላ ማስቀመጥ ናቸው። እነዚህን ሦስቱን ሁላችንም በየበዓሉ እናያቸዋለን። ልጆች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው መፈክር ይዘው ይቆማሉ፣ አንዷ የተሰጣትን ግጥም ታነብባለች፣ ከዚያ አዋቂዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው በጀቱን ይወስናሉ።

ልታማክሯቸው ብቻ ከሆነ ሐሳባችሁ «ሐሳባችሁን እንሰማለን፣ የምንወስነው ግን እኛ ነን» በሏቸው። ይህም ክብር አለው። የሚጎዳው ወሳኞች ናችሁ ብሎ ጠርቶ ኋላ ላይ ውሳኔውን መቀልበስ ነው። ልጆቹ ከዚህ በፊት በአዋቂ የተታለሉ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከታዘቧችሁ ተመልሰው አይመጡም።

እኛ ይህን በአንድ ገጽ ወረቀት ጻፍነው። ወረቀቱ ገንዘቡ ስንት እንደሆነ ይናገራል። ሕግ የሚከለክለው፣ ልጅን ለአደጋ የሚያጋልጥ፣ ለፖለቲካ ፓርቲ ወይም ለሃይማኖት ስብከት የሚውል ነገር አይከፈልበትም ይላል። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ የልጆቹ ነው፤ አዋቂ ድምፅ የለውም። ወንድሜና ጓደኞቹ በስልክ ተነብቦላቸው ተስማሙ። ይህች ወረቀት በሁለተኛው ዓመት አንድ ትልቅ ጭቅጭቅ ቆርጣልናለች፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ማንን፣ ከየት

በመጀመሪያው ዓመት ልጆቹን ያገኘሁት በአንድ ትምህርት ቤትና በአንድ ቀበሌ በኩል ነው። ዘጠኝ ልጆች ተላኩልኝ። ንጹሐን፣ አንደበተ ርቱዓን፣ ደረጃ የሚወጡ ልጆች ነበሩ። አምስቱ የአንድ ክበብ አባላት ናቸው። በሰው ወለል ላይ አድሮ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ልጆቹ ምንም አላጠፉም፤ መልካም ልጆች ላኩልን ስንል መልካም የሚባሉት ተላኩልን።

ከዚያ በኋላ በእግሬ ዞርኩ። ሊስትሮዎቹን መናኸሪያ አካባቢ፣ ሥራ ቀዝቀዝ በሚልበት በቀትር ሰዓት አገኘኋቸው። በሰው ቤት የሚሠሩትን ልጃገረዶች ወፍጮ ቤት በር ላይ ወረፋ ሲጠብቁ አነጋገርኳቸው። እነሱን ለማግኘት ከወፍጮ ቤት የተሻለ ቦታ የለም፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ እመቤቲቱም አጠገባቸው የለችም። የማታ ተማሪዎች አሉ። የቆሎ ተማሪዎች አሉ፤ እነሱን ከየኔታ ሳታስፈቅዱ እንዳትጠሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ወለቃ ላይ ሸክላ ከሚሠሩ ቤተሰቦች የተወለዱ ልጆች አሉ። መስማት የተሳናቸው አሉ፤ አስተርጓሚያቸውን አብራችሁ ቅጠሩ። ከቀያቸው ተፈናቅለው በዘመድ ቤት የተጠለሉ አሉ።

ከእያንዳንዱ ወገን አንድ ልጅ ብቻ አትውሰዱ፤ ቢያንስ ሁለት ይሁኑ። ብቻውን የመጣ ልጅ ይሸማቀቃል፣ ብዙኃኑ ወዳሉበትም ይሄዳል። ሁለት ሲሆኑ አንዱ ሲናገር ሌላው ራሱን ይነቀንቅለታል፤ ለመናገር ድፍረት የሚሰጠው እሱ ነው። አሁን ኮሚቴው አሥራ ሦስት ነው። እኔ ስም ጠቁሜ ያስገባሁት የለም፤ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ይመርጣል። ሊስትሮዎቹ የመረጡት አንዱ ልጅ የሚንተባተብ ነው። እኔ ብሆን አልመርጠውም ነበር። ለምን እንደመረጡት ስጠይቃቸው «እሱ አይዋሽም» አሉኝ።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ልጆቹን ስታስተዋውቁ «የጎዳና ልጅ»፣ «የሸክላ ሠሪ ልጅ»፣ «የቤት ሠራተኛ» እያላችሁ አታስተዋውቁ። በአገራችን ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባለ ስንት ዘመን እንደተገፋ ሁላችንም እናውቃለን። አንዲት ልጅ ገና ወንበር ሳትይዝ ይህን ስም ካስቀደማችሁባት ከዚያ በኋላ የምትናገረውን የሚሰማት የለም። ስማቸውን ራሳቸው ይናገሩ፤ ሌላውን ሲፈልጉ ያወጡታል።

ቀንና ሰዓት፣ ሻይና አበል

ቅዳሜ ስብሰባ አትጥሩ። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ጫማ የሚጠርግም ሆነ ዕቃ የሚሸከም ልጅ የሳምንቱን ትልቅ ገቢ የሚያገኝበት ቀን ነው። እኛ እሑድ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት እንሰበሰባለን። ለልጃገረዶቹ ግን እሑድም በራሱ አይገኝም። ወደ አራት ቤቶች ሄጄ እመቤቶቹን ለምኛለሁ። ሁለቱ እሺ አሉ፣ አንዷ ልጅቱ ቡና ካፈላች በኋላ ትሂድ አለች፣ አንዷ አልፈቀደችም። ያልተፈቀደላት ልጅ ሐሳቧን በጓደኛዋ እየላከች አንድ ዓመት ቆየች፤ ኮሚቴው አባልነቷን አልሰረዘም።

ለጊዜያቸው ክፈሏቸው። በዚህ ላይ ከብዙ ደግ ሰዎች ጋር ተከራክሬያለሁ፤ «ልጆቹ ገንዘብ ለምደው ይበላሻሉ» ይላሉ። በስብሰባ ላይ ያለ አዋቂ አበል ሲቀበል ተበላሸ አይባልም። ግማሽ ቀን ከሥራው የቀረ ሊስትሮ ለእራቱ ምንም የለውም። የግማሽ ቀን ገቢያቸው ስንት እንደሆነ ጠይቀን ያንኑ ለሁሉም እኩል እንከፍላለን፤ ገቢ ለሌላቸውም ጭምር። ዳቦ፣ ቆሎና ሻይ አለ። በጾም ወቅት ምግቡ የጾም ይሁን፤ በረመዳን ደግሞ ለሙስሊሞቹ ልጆች የሚበላው ተቋጥሮ ለማፍጠሪያ ይሰጣቸዋል።

ሕጉና ሣጥኑ

የኢትዮጵያ የወጣቶች ፖሊሲ፣ የ1996ቱ፣ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። 18 ያልሞላው ግን በሕግ ፊት ለአካለ መጠን ያልደረሰ ነው፤ ብዙውን ውል በራሱ አይፈርምም፣ በባንክም ያለ አሳዳጊ ብዙ ነገር አይፈቀድለትም። ይህ ማለት ግን ሐሳቡ አይቆጠርም ማለት አይደለም። አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት የማግኘት መብት አለው ይላል።

እኛ ሁለቱን ያስታረቅነው እንዲህ ነው። የባንክ ሒሳቡ በሦስት አዋቂዎች ስም ተከፈተ። ሦስታችንም ብር የምናወጣው ቢያንስ ሰባት ልጆች የፈረሙበት ወይም አሻራ ያሳረፉበት ቃለ ጉባኤ ሲቀርብልን ብቻ እንደሆነ ተፈራረምን። ከእኛ አንዱ የዕድራችን ጸሐፊ ናቸው፤ መሰብሰቢያችንም የዕድሩ መጋዘን ነው፣ ድንኳኑና ድስቱ የሚቀመጥበት። ገንዘባችሁ ከበዛ፣ ሠራተኛ የምትቀጥሩ ወይም ከውጭ ድርጅት ዕርዳታ የምትቀበሉ ከሆነ ግን በዚህ ልማዳዊ መንገድ አትቀጥሉ፤ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ተመዝገቡ። ከስብሰባው በፊት ቀበሌውን በቃልም በጽሑፍም አሳውቁ። ወጣቶች በር ዘግተው ሲሰበሰቡ ጎረቤት የሚጠራጠርበት ዘመን ነው፤ ጥርጣሬው የሚወድቀው ደግሞ በልጆቹ ላይ ነው።

ለአበልና ለትንንሽ ወጪ የሚሆን ገንዘብ ሦስት ቁልፍ ባለው የብረት ሣጥን ይቀመጣል፤ ሦስቱን ቁልፎች ሦስት ልጆች ይይዛሉ። በሦስተኛው ዓመት ከሣጥኑ ዘጠኝ መቶ ብር ጎደለ። አንደኛው ቁልፍ ያዥ እናቱ ታማ ሁለቱን ጓደኞቹን ለምኖ ወስዶታል። ከአዋቂዎቹ መካከል «ይባረር፣ ለሌሎቹ መቀጣጫ ይሆናል» ያሉ ነበሩ። እኔም ልቤ ተከፍሎ ነበር። ጉዳዩ ግን ለኮሚቴው ነው የቀረበው። ልጁ ቆሞ ተናገረ፤ እናቱን የት እንዳሳከመ፣ መድኃኒቱ ስንት እንደሆነ፣ ለምን እንዳልጠየቀ። «ብጠይቅ እሑድ ድረስ ጠብቅ ትሉኛላችሁ» አለ። ከመጋዘኑ አስወጥተውት ረዥም ሰዓት ተከራከሩ። የወሰኑት ይህን ነው፦ ቁልፉን ይመልሳል፣ በየእሑዱ ሃምሳ ሃምሳ ብር ይከፍላል፣ አባል ሆኖ ይቆያል። ሁለቱ ጓደኞቹም ለአንድ ዓመት ቁልፍ አይዙም። ከዚያ ደግሞ እኛ አዋቂዎቹ ጨርሶ ያላሰብነውን ጨመሩበት፤ ለድንገተኛ ችግር ሦስት ልጆች በስልክ ተነጋግረው የሚፈቅዱት ትንሽ ብድር እንዲኖር አደረጉ። ብድሯን እናንተ ከመጀመሪያው ቀን አስገቧት። ድሃ ልጅ ገንዘብ ያዥ ሆኖ በቤቱ ሰው ሲታመምበት ሊደርስበት የሚችለው ፈተና አስቀድሞ የሚታወቅ ነው።

በመጀመሪያው እሑድ

ሥልጠና አትጀምሩ። ስለ በጀት ሁለት ቀን ሙሉ ማስተማር የልጆቹን ፊት ያደበዝዛል። እኛ በመጀመሪያው ስብሰባ ስድስት መቶ ብር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን «ይህ ከመምሸቱ በፊት ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ነገር ይዋል፤ ለራሳችሁ ግን አይሆንም» አልናቸው። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ከዚያ የሁሉም ድምፅ አንድ ላይ ወጣ። በመጨረሻ የከተማችንን ዳገትና የድንጋይ ንጣፍ በክራንች የምትወጣ አንዲት ተማሪ ተጠቀሰች፤ የክራንቿ የታችኛው ጎማ አልቆ ብረቱ በዝናብ ጊዜ ይንሸራተትባታል። አራቱ ሮጠው ገበያ ወረዱ፤ ሁለት ጥንድ ጎማና አንድ ጃንጥላ ገዝተው አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን አደረሱላት። የተረፈውን ብር ከነደረሰኙ መለሱ። ከዚያ ወዲያ በጀት ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ማመልከቻ በቃል

የጽሑፍ ማመልከቻ አትጠይቁ። ጽሑፍ የሚችለው ያሸንፋል፣ የሚችለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁሉ ያነሰ የተቸገረው ነው። አመልካች ይመጣል፣ አሥር ደቂቃ ይናገራል፣ አሥር ደቂቃ ይጠየቃል። ልጆቹ የሚጠይቁት ጥያቄ ከእኛ ጥያቄ ይለያል። እኔ «ስንት ሰው ይጠቀማል?» እላለሁ፤ እነሱ «ዕቃው ማታ የት ያድራል?»፣ «ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»፣ «አንተ ብትታመም ማን ይሠራዋል?» ይላሉ። የልብስ ስፌት መኪና የጠየቀ አንድ ቡድን ለመጨረሻዋ ጥያቄ መልስ አጥቶ ተመልሶ ሄደ፤ በሁለተኛው ወር ሁለት ተጨማሪ ልጆች አሠልጥኖ መጣ።

አዋቂዎች ከኋላ፣ የድንኳኑ ምሰሶ ከተደገፈበት ግድግዳ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ካልተጠየቁ አይናገሩም። ይህን ማክበር ከባድ ነው። አዋቂ ሲናገር ልጅ ያዳምጣል ተብለን ነው ያደግነው፤ አንድ አባት «ልጆቼ» ብለው ምክር ከጀመሩ ማን ያቋርጣቸዋል? አንድ ጊዜ ምክሩ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሲያበቃ ልጆቹ ሁሉ ከእሳቸው ሐሳብ ጋር ተስማሙ፤ ከዚያ በፊት ግን የየራሳቸው ሐሳብ ነበራቸው። በሚቀጥለው እሑድ ወፍጮ ቤት ካገኘኋቸው ልጃገረዶች አንዷን የስብሰባው መሪ አደረጓት፤ እሷም ሻይ የሚቀዳው ማን እንደሆነ ስትደለድል አዋቂዎቹን መደበች። ሻይ ስንቀዳ እንውላለን፣ ዝም ማለቱም ቀለለን።

ማንም አመልካች ዘመዱ ወይም አብሮት የሚያድር ጓደኛው ከሆነ አባሉ «ዘመድ አለኝ» ብሎ ይወጣል። ጎንደር ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ስለሆነች አንዳንድ ቀን አምስት ልጆች ደጅ ላይ ይቆማሉ። ይቁሙ። ኃፍረት እንዳይሆንባቸው የመጀመሪያዋ የወጣች እኔ ነኝ፤ ያመለከተው የእህቴ ልጅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው ፍሪዳ የተባለው የወጣት ሴቶች ፈንድ አመልካቾቹ ራሳቸው አንዳቸው ለሌላው ድምፅ እንዲሰጡ ያደርጋል። አንድ ዓመት ሞክረነዋል፤ በእኛ ዘንድ ተሸናፊውና አሸናፊው በአንድ ሰፈር ስለሚውሉ ቅሬታው አልበረደም። ሰፊ ቦታ ላይ ለምትሠሩ ግን መልካም መንገድ ነው።

ባቄላውና ማሰሮው

እጅ በማውጣት ድምፅ አትስጡ፤ እጅ የሚወጣው የጓደኛን ዓይን ተከትሎ ነው። ወረቀትም የማያነበውን ያገልላል። እኛ በባቄላ ነው የምንመርጠው። ለእያንዳንዱ ማመልከቻ አንድ ትንሽ ማሰሮ አለ፤ ማሰሮዎቹን የሠሩት የአንዷ አባል እናት ናቸው፣ ጥቁርና ለስላሳ የወለቃ ሸክላ። ከየማሰሮው ፊት ምልክት ይቀመጣል፤ የጫማ ብሩሽ፣ የክር ጥቅል፣ ሲኒ፣ ቁልፍ። አፋቸው በጨርቅ ተሸፍኗል። እያንዳንዱ ልጅ ሦስት ባቄላ ጨብጦ ይገባል፤ ጭብጡን በሁሉም ማሰሮ ውስጥ በየተራ ያስገባል፣ ባቄላውን ግን በፈለጋቸው ሦስቱ ውስጥ አንድ አንድ ይጥላል። ከመጋረጃው ውጭ ያለው ሰው እጁ የት እንደቀለለ አያውቅም።

እንዲህ ነበር ያሰብነው። በመጀመሪያው ምርጫ መካከል የሸክላ ሠሪዋ ልጅ እጇን አነሳች። «ይሰማል» አለች። ጸጥ ብለን አዳመጥን። እውነትም ባቄላው ሸክላውን ሲመታ ኳ ይላል፤ ከዳር ስንተኛው ማሰሮ እንደሆነም ይለያል። ይህች ልጅ የተሰነጠቀውን ገል ከደህናው በጣቷ ኳ አድርጋ እየለየች ነው ያደገችው፤ ለእኛ ዝም ያለው ለእሷ ይናገራል። ምርጫውን አቆምን። ወጥታ ከጎረቤት አንድ እፍኝ ጭድ ይዛ መጣች፣ በየማሰሮው ታች ጎዘጎዘችው፣ አንድ ባቄላ ጥላ አዳመጠች። ምንም አልተሰማም። ከእንደገና ጀመርን። ከዚያ ቀን ወዲህ ጭዱን የምትጎዘጉዘው እሷ ናት፤ ሥራዋን ማንም አይነካባትም።

የማትስማሙበት ሲወሰን

ይህ ቀን ይመጣል። ለእኔ የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። በሰው ቤት የሚሠሩ ሰባት ልጃገረዶች ለመሸኛ የመንገድ ገንዘብ ጠየቁ። ወደ ተወለዱበት ገጠር ሄደው ከቀበሌያቸው መሸኛ አምጥተው እዚህ መታወቂያ ሊያወጡ። ለአውቶቡስ፣ ለአዳርና ከሥራ ለሚቀሩባቸው ቀናት ነው ብሩ። በዚያው ዕለት የልብስ ስፌት ሥልጠናም ቀርቦ ነበር። ልቤ ያለው ስፌቱ ላይ ነበር፤ ለወንድሜም የሚታይ ነገር ነው። ባቄላው ሲቆጠር መሸኛው አሥር፣ ስፌቱ አራት ሆነ።

ወንድሜ በስልክ ተቆጣ። «የአውቶቡስ ትኬት ብላችሁ ሰውን ገንዘብ ልታዋጡት ነው?» አለኝ። ወረቀቷን አነበብኩለት። ከዚያ ልጆቹ ለእኔ ያስረዱኝን አስረዳሁት። መታወቂያ የሌላት ልጅ በስሟ ሲም ካርድ አታወጣም፣ የባንክ ደብተር የላትም። ደመወዟን እመቤቷ «እያጠራቀምኩልሽ ነው» ትላታለች፤ ስትወጣ የሚሰጣትን ተቀብላ ትሄዳለች። ብትበደል ክስ የምትመሠርትበት ስም እንኳ በወረቀት የለም። ይህን የምታውቀው የደረሰባት ናት። እኔ ስንት ዓመት ስኖር፣ በቤቴም ሠራተኛ አሳድሬ፣ አላወቅኩትም።

ከሰባቱ አራቱ መሸኛቸውን አምጥተው መታወቂያ አወጡ። የሁለቱ መንገድ ያልታመነ ሆኖ ወራት ዘገየ። አንዷ እናቷ ዘንድ ሄዳ ቀረች። ይህችኛዋን እኔ ከጎደለው ልመዘግባት ነበር፤ ኮሚቴው ግን «ወደ ቤቷ ሄደች፣ ይህም ይቆጠር» ብሎ ከተሳካው ጋር አስመዘገባት።

ስለዚህ በማትስማሙበት ቀን ወረቀቷን አውጡ፣ ጥያቄያችሁን ከድምፁ በኋላ ሳይሆን በፊት ጠይቁ፣ ድምፁ ከተሰጠ በኋላ ግን ብሩን በዚያው ሳምንት ልቀቁ። ማዘግየትም መከልከል ነው፤ ልጆች ያውቁታል።

ለለጋሹ ምን እንላለን

ፎቶ ይጠየቃል። አንድ ለጋሽ ሃያ ሺህ ብር ሊጨምር ፈልጎ ልጆቹ ስሙ የተጻፈበት ጨርቅ ይዘው ፎቶ እንዲነሱ ጠየቀ። ጉዳዩን ለኮሚቴው አቀረብኩ። አንዱ ሊስትሮ «እኔ ይህን ፎቶ ወደፊት ልጄ ቢያየውስ?» አለ። በባቄላ ተመርጦ አይሆንም ተባለ፤ ሃያ ሺህ ብሩም ቀረ። ለእኔ ያን ስልክ መደወል ቀላል አልነበረም። የዚያን ዓመት ለለጋሾቹ የላክነው የዕቃው ፎቶ፣ ደረሰኝና የሦስት ልጆች የድምፅ መልእክት ነው፤ ድምፃቸውን ለመላክ የፈለጉት ራሳቸው ናቸው። ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ሲሆን ሁለት ልጆች ምስክር ሆነው በመዝገቡ ላይ ይፈርማሉ።

ገንዘብ ላላገኙት አመልካቾች ምክንያቱን በዚያው ሳምንት በአካል ንገሯቸው፤ የሚናገሩት ሁለት ልጆች ናቸው። በስልክ መልእክት የተላከ እንቢታ ያስቀይማል።

በዘንድሮው ዓመት ለመጀመር ካሰባችሁ ነሐሴን አትጠብቁ። ልጆቹን መፈለግ ሁለት ወር ይወስዳል፤ ሚያዝያ ላይ መዞር ጀምሩ፣ ሰኔ ላይ ስድስት መቶ ብሯን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ ማመልከቻውን በሐምሌ ስሙ። ክረምቱ ሲከር መንገዱ ይጨቀያል፣ ከወለቃና ከአዘዞ የሚመጡት ይቸገራሉ፤ የታክሲ ሒሳብ ያዙላቸው። በየሁለት ዓመቱ ግማሹ ኮሚቴ ይለወጣል። ወጪው አባል ተተኪውን ይዞ ሦስት እሑድ አብሮት ይዞራል፤ ወፍጮ ቤት፣ መናኸሪያ፣ የማታ ትምህርት ቤት በር። ደብተሩን ሊሸጥልኝ የመጣው ልጅ ባለፈው ሰኔ ወጥቷል። በእሱ ቦታ የገባው አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ የመጀመሪያውን እሑድ ምንም ሳይናገር ዋለ፣ በሁለተኛው እሑድ አልጋ በሌሊት ስንት እንደገባ ለሁላችንም ነገረን።